የእናትን ጥግ ማቆም የየቲሙን ግድግዳ ማቆም ነው

(በደብረ ታቦር ለማኅበራችን አባላት፣ ለለጋሾችና ለየቲም አሳዳጊ ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር)

በአላህ ስም እንጀምራለን። ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



በእንዲህ ያለው ስብሰባችን ዘወትር የምንነጋገረው ስለ የቲም ልጆች ቀለብ፣ ደብተርና ልብስ ነው። ዛሬ ከልጁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሰን ስለ እናቱ ልንናገር እንወዳለን። አባቱን በሞት ላጣ ልጅ በዚህች ዓለም የቀረችው ጥግ እናቱ ናት። እርሷ ተደብድባ፣ ተደፍራ ወይም ከቤቷ ተባርራ ልጇን አዝላ በሌሊት ስትወጣ፣ እኛ የምንሰጠው ቀለብና ደብተር የሚያርፍበት ቤት የለም። ስለዚህ የንግግራችን ጉዳይ ለተጎዱ ሴቶች የሚዘጋጀው የድንገተኛ ጊዜ መጠለያ ነው፤ በተለይም በዚያ ቤት የሚሠራው «ጉዳትን የመቀነስ» ሥራ ነው።

ይህ አነጋገር ለብዙዎቻችን አዲስ ሊሆን ይችላል። ትርጉሙ ግን ቀላል ነው። አንዲት ሴት ያለባትን ችግር ሁሉ በአንድ ቀን ማስወገድ ባይቻል፣ ቢያንስ ዛሬ ሌሊት እንዳትሞት፣ ነገ እንዳትታመም፣ ልጇም እንዳይጠፋ ማድረግ ነው። «መጀመሪያ ተስተካከይ፣ ከዚያ እንረዳሻለን» ከማለት ይልቅ «መጀመሪያ ትረፊ፣ ከዚያ አብረን እናስተካክላለን» ማለት ነው። አንዳንድ ሰዎች ይህን ጥፋትን እንደ መፍቀድ ይቆጥሩታል። እንዲህ ያለው ጥርጣሬ ከቅን ልብ የመነጨ ስለሆነ በአክብሮት መልስ ልንሰጠው ይገባል።

የመርከቧና የግድግዳው ትምህርት

በሱረቱል ከህፍ የተነገረውን የነቢዩ ሙሳንና የኸድርን (ዐ.ሰ.) ጉዞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ኸድር በባሕር ሠርተው የሚያድሩ ድሆችን መርከብ ነደለ። ነቢዩ ሙሳ በነገሩ ተደንቀው ተቃወሙ። በኋላ ምክንያቱ ሲገለጥ ከፊታቸው ደህና መርከብ ሁሉ በግፍ የሚቀማ ንጉሥ ነበር። የተነደለችው መርከብ ለባለቤቶቿ ቀረችላቸው። በዚያው ጉዞ እንግዳ አልቀበልም ባለች ከተማ ውስጥ ሊወድቅ የተቃረበ ግድግዳ ያለ አንዳች ዋጋ ተጠግኖ ቆመ፤ ከሥሩ የሁለት የቲሞች ሀብት ተቀብሮ ነበርና።

ከዚህ ታሪክ ለርዕሳችን ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ ከባዱን ጥፋት ለመከላከል ቀላሉን መታገሥ ጥፋትን ማወደስ አይደለም። መርከብ መንደል በራሱ መልካም ሥራ ነው ያለ የለም፤ ነገር ግን መርከቧን ያተረፋት እርሱ ነው። የፊቅህ ሊቃውንትም ጉዳት መወገድ እንዳለበት፣ ሁለት ጉዳቶች ሲገጥሙና ከአንዱ ማምለጥ ሳይቻል ሲቀር ቀለል ያለውን ተሸክሞ ከባዱን መመለስ እንደሚገባ አስተምረዋል። ሁለተኛው ትምህርት የግድግዳው ነው። የከተማዋ ሰዎች እንግዳን የነፈጉ ነበሩ፤ ሆኖም ግድግዳው የተጠገነው የሰዎቹ መልካምነት ተመዝኖ አልነበረም። ለየቲሞቹም ሀብታቸው ወዲያውኑ ተቆፍሮ አልተሰጣቸውም፤ እስኪያድጉ ድረስ የሚጠብቀው ግድግዳ ቆመላቸው። በእኛ ዘመን ያ ግድግዳ እናት ናት ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

በአገራችንና በአካባቢያችን ያለው እውነት

እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑትና አግብተው ከሚያውቁት ሴቶች 34 በመቶ የሚሆኑት ከትዳር ጓደኛቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል እርዳታ የፈለጉት 23 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ጥናት ባል ሚስቱን ቢመታ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ መሆናቸው ዝምታው ከየት እንደሚመጣ ያመለክታል። ተመቺዋ ራሷ መመታቷን እንደ ዕጣዋ ከቆጠረችው ማን ዘንድ ሄዳ ትከስሳለች?

ወደ ደቡብ ጎንደር ስንመለስ ቁስሉ ይበልጥ ቅርብ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ላይ ጋይንት በደረሰ ጊዜ በነፋስ መውጫ ከተማ የተፈጸመውን ሁላችንም ሰምተናል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ባወጣው ዘገባ በከተማዋ በሕወሓት ተዋጊዎች ተደፈርን ያሉ 16 ሴቶችን አነጋግሮ፣ ከእነርሱ 14ቱ በቡድን መደፈራቸውን እንደ ነገሩት ገልጿል። በዚያው ዘገባ እንደ ተመለከተው የከተማዋ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ተዘርፈውና ተጎድተው ስለ ነበር፣ ሴቶቹ በጊዜው ሊያገኙት የሚገባውን የተሟላ ሕክምና አላገኙም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር፣ ከስማዳ፣ ከእስቴ፣ ከእብናት ወይም ከጉና ተራራ ሥር ያለች ሴት ወደ ሐኪም የምትደርስበት ሰዓት ይራዘማል።

ሰዓቱን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ለተደፈረች ሴት የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሰጣት በ72 ሰዓት ውስጥ ከደረሰች ነው፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር የበለጠ ይጠቅማል፤ ለ28 ቀናትም ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ያልተፈለገ እርግዝናን የሚከላከለው ድንገተኛ መድኃኒት እስከ 5 ቀን ድረስ ይሠራል፤ እርሱም ቢሆን በዘገየ መጠን ኃይሉ ይቀንሳል። የጉበት ቫይረስ ክትባትና የአባላዘር በሽታ ሕክምናም አለ። ስለዚህ ቤተሰብ ተሰብስቦ «ነገሩ ይውጣ ወይስ ይሸፈን» እያለ ሦስት ቀን ሲመክር፣ ያ ምክር ራሱ ሁለተኛ ጉዳት ይሆናል። ልብሷን ሳታጥብ በደረቅ ጨርቅ ወይም በወረቀት ጠቅልላ ብትይዝ ለማስረጃ ይረዳታል፤ ሕክምናዋ ግን ክስ እስኪመሠረት መጠበቅ የለበትም። ክሱ ነገም ይደርሳል፤ 72ቱ ሰዓት ግን አይመለስም።

በመጠለያው ውስጥ የሚሠራው

በአገራችን ለዚህ ሥራ ፈር ከቀደዱት አንዱ፣ የቀድሞ ዳኛ በነበሩት በወይዘሮ ማሪያ ሙኒር እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ነው። ሥራው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እንደ አዳማና ሐዋሳ ወዳሉ ከተሞች ተስፋፍቷል። ሴቶች ከነልጆቻቸው ተቀብሎ ማረፊያ፣ ሕክምና፣ የምክር አገልግሎት፣ የሕግ ድጋፍና የሙያ ሥልጠና ይሰጣል። ይህን የምንጠቅሰው ለአካባቢያችንም ምሳሌ እንዲሆን ነው።

በእንዲህ ያለ ቤት የመጀመሪያው ሌሊት ሥራ ትንሽ ይመስላል፤ የሚዘጋ በር፣ ንጹሕ አልጋ፣ ትኩስ ሾርባ፣ ለሕፃኑ ወተት። የመጣችው ሴት ያን ሌሊት ታሪኳን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንድትተርክ አትገደድም። ለሐኪሙ ሰዓት የሚያስፈልገው ብቻ ይጠየቃል፤ ሌላው ለነገ ይቆያል። የቤቱ አድራሻ በአደባባይ አይነገርም፤ በር ጠባቂውም ሆነ ወጥ ሠሪዋ የሰው ምስጢር አማናህ መሆኑን አውቀው ይሠራሉ። ፀረ ተባይ መድኃኒት፣ በረኪናና ስለት ያላቸው ዕቃዎች ተቆልፈው ይቀመጣሉ። ብዙ መከራ ያየች ሴት ሕይወቷን ለማጥፋት ታስብ እንደ ሆነ በርኅራኄ በግልጽ ትጠየቃለች። መጠየቁ ሐሳቡን አይፈጥርባትም፤ ብቻዋን የተሸከመችውን ያካፍላታል እንጂ።

ልጆቹም አይረሱም። እናቱ ስትመታ ያየ ልጅ እንቅልፍ ያጣል፣ ይሸናል፣ ዝም ይላል፣ ወይም እንዳየው ሌላውን ይመታል። እንዲህ ያለውን ልጅ መቅጣት ሳይሆን ማረጋጋት፣ ከተቻለም ትምህርቱ ሳይቋረጥ ደህንነቱ ወደሚጠበቅበት ትምህርት ቤት ማዛወር ነው የሚሻለው። በእናትና በአባት መካከል መልእክተኛ እንዲሆንም መላክ አይገባም።

ሱስ ያለባት እናት

አሁን ወደሚከብደው ጉዳይ እንምጣ። ወደ መጠለያ ከሚመጡት እናቶች አንዳንዶቹ አረቄ የለመዱ፣ ጫት የሚቅሙ ወይም ያለ እንቅልፍ መድኃኒት ማደር የማይችሉ ናቸው። አንዳንዷ ልጆቿን ለማሳደግ አረቄ ስትቸረችር ከደንበኛ ጋር መቅመስ የጀመረች ናት፤ ሌላዋ የደረሰባትን ለመርሳት የጀመረች ናት። «በሶደቃችን ሰካራም እንቀልባለን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል።

በመጀመሪያ የሐኪሞችን ቃል እንስማ። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ አልኮል ስትጠጣ የኖረች ሴት በድንገት ብታቆም፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ መቃዠት፣ አንዳንዴም እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊደርስባትና ሕይወቷን ሊያሳጣት ይችላል። እንዲህ ያለችዋን ሴት በክፍል ቆልፎ «ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ» ማለት እርሷን ማዳን አይደለም። ማቆሟ መልካም ነው፤ የምታቆመው ግን በሐኪም ክትትል ይሁን። ጫት የለመደችውም ስታቆም ድካምና ድብርት ሊጫናት ስለሚችል ምግብ፣ እንቅልፍና ቀኗን የሚሞላ ሥራ ያስፈልጋታል። የመጠለያው ደንብ ጠንካራ ሊሆን ይገባል፤ መጠጥ ወደ ቤቱ አይገባም። ጠጥታ የመጣችው እናት ግን በሌሊት ወደ ጎዳና አትጣልም፤ ለብቻዋ ታርፋለች፣ ልጇን ሌላ ሞግዚት ትይዛለች፣ ነገሩም በማግሥቱ ልቧ ሲመለስ ይነገራል። ብናስወጣት ኃጢአቱ በቤታችን ባይታይ እንኳ በጎዳና ላይ ከነሕፃኑ ይቀጥላል።

ሃይማኖታችንስ ምን ያስተምረናል? አስካሪ መጠጥ ሐራም መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ክልከላው በአንድ ቀን እንዳልወረደ የምናውቀው ነው። በመጀመሪያ በሱረቱል በቀራህ ጥፋቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ተነገረ፤ ቀጥሎ በሱረቱ ኒሳእ ሰክሮ ወደ ሶላት መቅረብ ተከለከለ፤ በመጨረሻም በሱረቱል ማኢዳህ ፈጽሞ ተቆረጠ። ሰውን የፈጠረው ጌታ የሰውን ድካም ያውቃል። በመጠጥ ምክንያት ደጋግሞ የተቀጣ አንድ ሰው በባልደረቦቹ በተረገመ ጊዜም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳይረግሙት ከልክለው፣ ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ መስክረውለታል። ቅጣቱ አልቀረም፤ ሰውየው ግን ከወንድማማችነት አልተባረረም። እኛም በሱስ የተያዘችውን እናት ልክ እንደዚሁ ድርጊቷን ሳንወድ እርሷን ሳንጥል ልንይዛት እንችላለን።

የምትመለሰዋ እናትና ሽምግልናው

ሌላው ለጋሾቻችንን የሚያስጨንቀው «መጠለያ ትዳር ያፈርሳል» የሚለው ወሬ ነው። በእውነቱ ብዙ ሴቶች ወደ ቤታቸው መመለስን ይመርጣሉ። መጠለያው አያስገድዳትም፤ ቢቻል ግን ባዶ እጇን አይመልሳትም። የምትመለሰዋ ሴት ልታስብባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ነገር ሲከር ስለት ካለበት ጓዳ መራቅ፣ የምታምናት ጎረቤት የምታውቀው ምልክት፣ ልጆቹ የሚሮጡበት ቤት፣ የተቋጠረች የመሳፈሪያ ገንዘብ፣ የመታወቂያ፣ የኒካሕ ወረቀት፣ የልጆች ክትባት ካርድና የመሬት ይዞታ ደብተር ቅጂ። በክልላችን የይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ስለሚሰፍር ይህ ወረቀት ለእርሷም ለልጆቿም ትልቅ ዋስትና ነው። ሁለተኛ ብትመጣም «ነግረንሽ ነበር» ሳትባል በሩ ይከፈትላታል።

ሽምግልና የአገራችን ጸጋ ነው፤ ቁርኣንም ከሁለቱም ወገን አስታራቂ እንዲላክ ያዝዛል። ሆኖም ዕርቅ የሚመጣው ሴቲቱ ደህንነቷ ከተጠበቀና በነጻነት መናገር ከቻለች በኋላ ነው። ስለ ባሏ ለአላህ የተከራከረችው የኸውላ (ረ.ዐ.) ጉዳይ በሱረቱል ሙጃደላህ የወረደው የተበደለች ሴት ቃል ከሰማይ በላይ እንደሚሰማ ሊያስተምረን ነው። ደፋሪውን ለተደፈረችው በማጋባት «ነገሩን መሸፈን» ደግሞ ዕርቅ አይደለም። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ቀድሞ ለእንዲህ ያለው ጋብቻ የነበረውን ከቅጣት ነጻ መውጫ ቀርቷል፤ በትዳር ውስጥ የሚፈጸም ድብደባንም በአንቀጽ 564 ያስቀጣል።

ባሏ የሞተባት እናትም ከዚህ አትለይም። በአማቾቿ ከቤትና ከመሬት የምትገፋ ባልቴት ስትሰደድ የየቲሞቹ ርስት አብሮ ይጠፋል። በሸሪዓችን ሟች ልጅ ካለው የሚስት ድርሻ ስምንተኛ፣ ከሌለው አራተኛ ነው፤ የልጆቹም ድርሻ የታወቀ ነው። በሁለቱም ወገን ፈቃድ የሸሪዓ ፍርድ ቤት፣ ካልሆነም መደበኛው ፍርድ ቤት ያየዋል። ለእንዲህ ያለችዋ እናት የጠበቃና የመጓጓዣ ወጪ መሸፈን ከብዙ ወር ቀለብ የበለጠ የየቲም ድጋፍ ነው።

በሩ ለማን ይከፈታል?

አካባቢያችን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጎራብቶ የሚኖርበት ነው። «የሌላ እምነት ተከታይ ብትመጣስ?» ለሚለው መልሱ ከዚሁ ከምድራችን ታሪክ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ የመካ ሙስሊሞች ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ ነጃሺ በሩን የከፈተላቸው እምነታቸውን መዝኖ ሳይሆን ግፍ እንደ ደረሰባቸው ሰምቶ ነው። ከስደተኞቹ አንዷ ኡሙ ሀቢባ (ረ.ዐ.) በሰው አገር ከባሏ ተለይታ ከሕፃን ልጇ ጋር ብቻዋን ቀርታ ነበር። ሌላዋ ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ከሐበሻ ከተመለሰች በኋላ ባሏ በኡሑድ ቁስል ሞቶባት የቲሞቿን ይዛ ቀረች፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አግብተዋት ልጆቿን በቤታቸው አሳደጉ። የምእመናን እናቶች በዚህች አገር ጥግ አግኝተው ነበርና፣ በዚህች አገር ጥግ ያጣችን ሴት «ሃይማኖትሽ ምንድን ነው?» ብለን በር ላይ ማቆም አይገባንም።

ገንዘቡን በአግባቡ ስለ መያዝ

እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። በሸሪዓ የቲም የሚባለው ለአቅመ አዳምና ሔዋን ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። በመጠለያ ካሉት ሕፃናት የብዙዎቹ አባት በሕይወት አለ። ስለዚህ ለጋሽ «ለየቲም» ብሎ ነይቶ የሰጠውን ገንዘብ እነዚህንም ስለምናዝንላቸው ብቻ ለእነርሱ ማዋል አማናህን ማጉደል ይሆናል። ዘካ በሱረቱ ተውባ ለተዘረዘሩት 8 ክፍሎች ነው፤ ከቤቷ የተሰደደች ሙስሊም ሴት ከድሆች፣ ከባለ ዕዳዎች ወይም ከመንገደኞች ልትቆጠር እንደምትችል ግን ዑለማዎችን ጠይቆ መወሰን ይቻላል። አብዛኞቹ ሊቃውንት ዘካን ለሙስሊም ችግረኛ ሲወስኑት፣ ሶደቃ ግን ለማንኛውም ችግረኛ ክፍት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃችኋለን። አንደኛ፣ ከየቲሞች መዝገብ የተለየ «የእናቶች ጥግ» የሚባል የሶደቃ መዝገብ ይከፈት፤ ሰጪው ለየትኛው እንደ ነየተ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ከዚሁ መዝገብ ለመጓጓዣ ብቻ የሚሆን ተጠባባቂ ገንዘብ በታመኑ ሰዎች እጅ ይቀመጥ፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ወደ ሆስፒታል መድረስ ያለባት ሴት በመሳፈሪያ እጦት እንዳትቀር። ሦስተኛው ገንዘብ አይጠይቅም። ወደ ቤታችሁ ሸሽታ የመጣችን እህት፣ ምራት ወይም ሠራተኛ ከመጠየቃችሁ በፊት አስገቧት፤ የሰማችሁትንም ለጎረቤት አታውሩ። ነውሯን የሸፈነላትን ሰው አላህ ነውሩን እንደሚሸፍንለት ተስፋ እናደርጋለን።

የተከበራችሁ ወገኖቻችን፣ የምንሠራው ሥራ የአንዲትን ሴት ሕይወት በአንድ ቀን አያቃናም። ግድግዳው ዘምሞ ሊሆን ይችላል፤ ስንጥቁም ሊታይ ይችላል። ከሥሩ ያለው አደራ ግን ልጆቹ ጉልምስና እስኪደርሱ ድረስ መጠበቅ አለበት።

አላህ (ሱ.ወ.) የተገፉትን ይርዳ፤ የታመሙትን ያሽር፤ በሱስ የታሰሩትን ይፍታ፤ የቲሞቻችንን ከእናቶቻቸው ጋር በሰላም ያሳድግ፤ የሰጣችሁትን ይቀበላችሁ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።